የኤሮንዲና ድንቡሎ

ሥራዬ መፋቅ ነው፤ ቆዳ እፍቃለሁ፣
በስስ መስታወት ላይ ጠብታ አኖራለሁ፣
ዐይኔን ማይክሮስኮፕ ላይ ደፍቼ አያለሁ።
ከሰው የምፈልገው እሱ የማይፈልገውን፣
ገላው ውስጥ ሸሽጎ ዓመት ያሳደረውን።

ሰኞ ማለዳ ላይ ኤሮንዲና መጣች፣
ረጅም ቀሚሷን እስከ ጉልበት ሳበች፣
ፊቷን ወደ መስኮት፣ ወደ ጓሮው መለሰች።
ከቁርጭምጭሚቷ እስከ ባቷ ድረስ
አበባ ጎመን ነው፣ ሲነኩት የሚፈርስ፣
ቁንዶ በርበሬ እንዳለ ከላይ ሲነሰነስ።
«ስንት ዓመት ሆነው?»
                        «አሥራ አንድ። ከልጅ ልጄ ይበልጣል።»

በእኛ በማራኞን ባባሱ ይበቅላል፣
ዘንባባ ነው፤ ፍሬው ድንጋይ ያስንቃል።
ሴቶቹ ከመሬት፣ ቅርፊቱ ላይ ዘፍ ብለው፣
መጥረቢያውን በእግር ረግጠው፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርገው፣
ፍሬውን ስለቱ ጫፍ ደግፈው፣
በዱላ ነው የሚሉት፣ ቀኑን ሙሉ፣ ጣታቸውን አትርፈው።
ዘሩ ለዘይት ነው፣ ቅርፊቱ ለከሰል፣
ነጋዴው ሲመዝነው ከድንቡሎ አይዘል።

አንድ ቀን ስንጥር ወጋት። ነቀለች፤ ምን ነበር?
ስንጥር ለሠራተኛ እንደ ላብ ነው፣ አይቆጠር።
ስንጥሩ ግን ለካ እንግዳ አዝሎ ነበር፦
በበሰበሰ እንጨት፣ በረጠበ አፈር
የሚያድር ሻጋታ፣ የማይቸኩል፣ ጭምት፤
እንደ ወባ አይደለም፣ አላንቀጠቀጣት፣
በስንጥሩ በር ገብቶ ጎጆ ቀለሰባት።
አንድ ዓመት እንደ ብጉር፣ ሁለት ዓመት እንደ ኪንታሮት፣
ሦስተኛው ላይ እግሯ ሰፈር ሆነለት።

ትንባሆ አኝከው ለጠፉ፤ በፍም ተኮሷት፤ አልሆነም።
«ሥጋ ደዌ ነው» ብሎ አንዱ ሹክ አለ፤
ከዚያ ወዲህ ከቤቷ ዘይት የገዛ የለ።

ጥቁሩን ነጥብ በምላጭ ፋቅ ፋቅ አደረግሁት፣
በፖታሽ ጠብታ አራስሁት፣ ጠበቅሁት።
አገኘኋቸው! ክብ፣ ቡናማ፣ ወፍራም ጠርዝ ያላቸው፣
መስመር መሐል ለመሐል የከፋፈላቸው፣
ከመዳብ የተመቱ ሳንቲሞች ናቸው።
«ነይ እዪ» አልኳት። ጎንበስ ብላ አየች፣
ዝም አለች፣ ቆየች፤ ከዚያ በሳቅ ፈነዳች፦
«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዱቤ ስበደር፣
ገንዘቤ ኖሯል ለካስ ከቆዳዬ ሥር!»

ሐኪማችን ጃንዲራ ወረቀት ሳበች፦
«ኢትራኮናዞል ነው፤ እንክብል» አለች፤
«ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ።»
ኤሮንዲና ሳቋን ዋጠች።
«ከየትኛው ምግብ በኋላ?»
ይህ በሌንስ የሚታይ አልነበረም።

በየወሩ ደግሞ በናይትሮጂን ቅዝቃዜ
ጎመኑን አቃጠልነው፣ ጥቂት በአንድ ጊዜ።
«ብርድ እንዴት ያቃጥላል?» ትላለች ሁልጊዜ፤
በረዶ አይታ አታውቅም።
«እስከ መቼ?» ስትል «ዓመት» አልናት፣ ዋሽተን፤
ከዚያም እንደሚበልጥ ሁላችን አውቀን።
ወንዙ ሞልቶ ቀረች፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፤
ስትመለስ ጠርዙ ላይ አዲስ ጎጆ ነበር።
አልተቆጣናትም። ማን ይቆጣል ጎርፍን?
ጃንዲራ ካርዱን ገልብጣ ከአንድ ጀመረች ቁጥሩን።

ዛሬ መጣች፤ የልጇን ቦት ጫማ አጥልቃ፣
የሚሰፋትን፣ በጨርቅ ጠቅጥቃ።
ቀሚሷ አጠር ብሏል፤ ባቷ ላይ ጠባሳ፣
እንደ አሮጌ ጆንያ የተጨማደደ፣ የሳሳ።
ፋቅሁ። አንዱን ጥግ አየሁ፣ ሌላውን ጥግ አየሁ፣
መስታወት ቀይሬ ደግሜ ፈለግሁ፤
የሌለን ነገር ማመን፣ ካለው ይልቅ ፈራሁ።
«ኤሮንዲና» አልኳት፣ «እንግዲህ ምን ልበልሽ፤
ድንቡሎ የለሽም።»

ተነሣች። በብብቷ ጣውላ ይዛለች፣
ከእንግዲህ ቅርፊት ላይ እሱን ዘርግታ ነው የምትቀመጠው።
ከበሩ ዞር አለች፦
«እሱንስ» አለችኝ፣ «ድሮም አውቀው ነበር።»